እምቢታውም በጽሑፍ ይሁን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሰላም ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ጠመንጃ ይሆናል። እስቲ ስለ ቢሮ መስኮትም ይወራ። እዚህ ጎንደር አንድ አዛውንት ጎረቤቴ የቤት ካርታ ጉዳይ ይዘው ወራት ተመላለሱ። «ሲስተም የለም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ፋይሉ አልተገኘም»። በመጨረሻ «አይቻልም» ተባሉ፤ ያውም በቃል። ለምን እንደማይቻል የጻፈላቸው የለም። ታዲያ ባልተጻፈ ውሳኔ ላይ ምን ይዘው ይግባኝ ይበሉ?

አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት ወደው አይደለም። ሰው መሸነፉን ይችለዋል። የሚያንገበግበው ሳይሰሙት መሸነፉ ነው። ሰሚ ያጣ ቅሬታ ደግሞ ውሎ አድሮ አደባባይ ይወጣል።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሥሪያ ቤት ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል። ቅር የተሰኘ ሰውም ፍርድ ቤት ሄዶ ማስከለስ ይችላል። ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ፣ የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትንና የአዲስ አበባና የድሬዳዋ አስተዳደሮችን ነው። የእኛ ሰው ጉዳይ ያለው ቀበሌና ክፍለ ከተማ ላይ!

አዋጅ ብቻውን ተኩስ ያስቆማል የምል የዋህ አይደለሁም፤ በተለይ አሁን ባለንበት ሁኔታ። ግን እምቢ ያሉበትን ምክንያት መጻፍ በጀት አይጠይቅም። አንድ ወረቀት፣ ፊርማና ማኅተም ነው። የከተማችን አስተዳደር ክልሉን ሳይጠብቅ ከመሬት ጉዳይ ይጀምር፤ የመልስ ቀነ ገደብም ይጨምርበት።

ከሰላምታ ጋር፣
የጎንደር ነዋሪ