የቪዲዮ ወጪያችሁ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚቀንስ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ቪዲዮ ለማሠራት ቱሉ ዲምቱ ወደሚገኘው ቢሯችን ስትመጡ ወይም ስትደውሉልን፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትጠይቁን «የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ስንት ነው?» ብላችሁ ነው። ገንዘቡ የእናንተ ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ዋጋውን በደቂቃ ብንነግራችሁ ምን እንደምትከፍሉ እንጂ ለምን እንደምትከፍሉ አታውቁም። ስለዚህ ወጪው ከየት እንደሚመጣ፣ ምኑ እንደሚቀነስና ምኑ ላይ መቆጠብ እንደማያዋጣ ልንጽፍላችሁ ወደድን።

ትልቁ ወጪ የቀረጻው ቀን ነው። ባለሙያዎቹ፣ ካሜራው፣ መብራቱ፣ ድምፅ መቅጃውና መኪናው አንድ ጊዜ ከወጡ፣ የተቀረጸው ለሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮም ሆነ ለስምንት ቪዲዮ የሚበቃ ቢሆን የዕለቱ ወጪ ያው ነው። ከዚያ ቅንብሩ ይከተላል፤ እርሱንም የሚያስወድደው የጥሬ ምስሉ ብዛትና የእርማቱ መደጋገም ነው። ካሜራ፣ ሌንስ፣ ባትሪና ማስታወሻ ካርድ ሁሉም ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ የውጭ ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋቸው ምን ያህል እንደናረ የምታውቁት ነው። ይህን እኛም እናንተም መለወጥ አንችልም። በእጃችን ያለው የቀረጻውን ቀን በሚገባ መጠቀም ነው።

አብዛኛው ደንበኛ በመጀመሪያ የሚያዝዘው ስለ ድርጅቱ የሚናገር ቪዲዮ ነው። በሩና ማስታወቂያ ሰሌዳው ይታያል፤ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ስለ አመሠራረቱ ያብራራል፤ ድሮን ከላይ ይዞራል፤ ሙዚቃው ከፍ ይላል። አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ይህ ቪዲዮ ለባንክ፣ ለጨረታ ወይም ለውጭ ሸሪክ የሚቀርብ ከሆነ ቦታ አለው። ገዢ ለማምጣት ከሆነ ግን እንድታሠሩት አንመክርም። ገዢው ስልኩ ላይ ሲያየው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የፈለገውን ካላገኘ ያልፈዋል፤ ድርጅቱ መቼ እንደተቋቋመም ገና አላሳሰበውም።

የሚያሳስበውን ነገር በሚገባ የሚያውቀው በድርጅታችሁ ውስጥ ስልክ የሚያነሳው ሰው ነው። ወደ እኛ ከመምጣታችሁ በፊት እርሱን ወይም እርሷን አስቀምጣችሁ «ደንበኛ በየቀኑ እየደጋገመ የሚጠይቃችሁ ምንድን ነው?» በሉ። መልሱን እንደተነገራችሁ፣ ሳታሳምሩ ጻፉት። ጥሩ የቪዲዮ ሐሳብ ከዚያ ወረቀት ይወጣል።

አንድ የቤት ዕቃ አምራች እናስብ። ደንበኞቹ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገቡ ቤተሰቦች ናቸው። የሚጠይቁት «ቁም ሣጥኑ በደረጃ ይወጣል ወይ? ይፈታታል? ከተፈታ በኋላ ሲገጠም ይላላል? ኤምዲኤፉ ውኃ ቢነካው ያብጣል?» እያሉ ነው፤ ኤምዲኤፍ ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ ነው። እንግዲህ ካሜራው ወደ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ መሄድ የለበትም፤ ወደ ደረጃው ይሂድ። ሁለት ሠራተኞች ቁም ሣጥኑን ሲፈቱት፣ የጎን ጣውላውን በጠባቡ መታጠፊያ አዙረው ሲያወጡት፣ ብሎኑ እዚያው ቀዳዳ ላይ ተመልሶ ሲጠብቅ፣ በመጨረሻም በሩ ሳይፋተግ ገጥሞ ሲዘጋ በቅርበት ይታይ። የጣውላው ጠርዝ በምን እንደተሸፈነና ውኃ እንዳይገባው እንዴት እንደታሸገ ለብቻው ሌላ አጭር ቪዲዮ ይሆናል። ቁም ሣጥኑን ልትገዛ ያሰበች እናት ይህን ስታይ ገንዘቧን ከመክፈሏ በፊት የነበራት ሥጋት ይቀልላታል። «ጥራት መለያችን ነው» ብሎ ተራኪ ቢናገር ግን የምታምንበት ምክንያት የላትም።

ብሎኬት የምታመርቱም እንዲሁ ናችሁ። ገዢ የሚፈራው ተጭኖ ሳይደርስ የሚፈረፈር ብሎኬትን ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ከማሳየት ይልቅ የተደረደረው ብሎኬት ላይ የተመረተበት ቀን ተጽፎ፣ ሠራተኛው ጠዋትና ማታ ውኃ ሲያጠጣው አሳዩ። ሲሚንቶ የሚጠነክረው እርጥበት ሳያጣ ሲቆይ እንደሆነ፣ የኮንክሪት ጥንካሬም በተለምዶ በ28 ቀን እንደሚለካ ግንበኛ ያውቃል። ውኃ ማጠጣታችሁን ሲያይ ሥራችሁን ያከብራል።

እነዚህ ጥያቄዎች ቀድመው ከተጻፉ በአንድ ቀን ውስጥ በርካታ አጫጭር ቪዲዮዎችን ቀርጸን መውጣት እንችላለን፤ ለወራትም በየተራ ትለጥፏቸዋላችሁ። የሚለጠፉበትንም ቦታ አስቀድማችሁ ንገሩን። ለቲክቶክ ምስሉ ቁመቱ የሚረዝም 9 በ16 ይሆናል፤ ለቴሌቪዥንና ለተለመደው የዩቲዩብ ቪዲዮ ደግሞ ወደ ጎን ሰፊ የሆነው 16 በ9 ነው። በሰፊው ተቀርጾ ካለቀ በኋላ «ለቲክቶክ ቁረጡልን» ብትሉን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ከቆሙበት ምስል አንዱን ማስቀረት ግድ ይሆንብናል።

በድምፅ ላይ እንድትቆጥቡ ፈጽሞ አንመክርም። ተመልካች ትንሽ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። አካባቢያችን ደግሞ ጫጫታ የበዛበት ነው፤ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው ከዚሁ ስለሆነ የከባድ መኪናው ድምፅ አያባራም። የጎረቤት ጄኔሬተርና የመላጊያ ማሽን ሲጨመሩበት ካሜራው ላይ ያለው ማይክ የተናጋሪውን ቃል ውጦት ያርፋል። ስለዚህ ኮሌታ ላይ የሚሰካ ማይክ እንጠቀማለን፤ ለንግግሩ ቀረጻም ማሽኖቻችሁን ለግማሽ ሰዓት እንድታጠፉልን እንጠይቃችኋለን። ያ ግማሽ ሰዓት ሌላ የቀረጻ ቀን ከመክፈል ያድናችኋል። ታክሲ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ የሚያይ ብዙ ስለሆነ ንግግሩን በጽሑፍ እናወጣዋለን። ደንበኞቻችሁ ገላንና ዱከም ድረስ ከሆኑ የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ አስጨምሩ፤ ዳግም ቀረጻ አይጠይቅም፣ የምትደርሱበት ሰው ግን ይበዛል።

ሁሉንም ነገር ለእኛ መስጠት አይጠበቅባችሁም። አዲስ ዕቃ መግባቱን ወይም የዕለቱን ዋጋ በስልካችሁ ቀርጻችሁ ብትለጥፉ ይበቃል። የምንጠይቃችሁ ሁለት ነገር ብቻ ነው። እኩለ ቀን ላይ ውጭ አትቅረጹ፤ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኙ ፀሐይዋ አናት ላይ ትሆንና የሰውን ዓይን በጥላ ትሸፍነዋለች። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን የተሻለ ነው። በመብራት ስትቀርጹ ደግሞ ምስሉ ላይ የሚሮጡ ጥቁር መስመሮች ከታዩ፣ የስልኩን የቀረጻ ፍጥነት ከ30 ወደ 25 ምስል በሰከንድ፣ የሚቻል ከሆነም የመዝጊያውን ፍጥነት (ሸተር ስፒድ) ወደ 1/50 ሰከንድ ቀይሩ፤ የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በዚህ ይስተካከላል።

ውልን በሚመለከት፣ እርማት የሚሰጠን አንድ ሰው ወክሉ። ሥራ አስኪያጁ ሰኞ፣ ሽያጭ ክፍሉ ረቡዕ፣ ባለቤቱ ቅዳሜ የተለያየ አስተያየት ሲልኩ ቅንብሩ እየፈረሰ ይሠራል፤ ክፍያውም ከእናንተ ኪስ ነው። የታወቀ ዘፈን እንድናስገባ አትጠይቁን፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ዩቲዩብም ቪዲዮውን ሊያግደው ይችላል። ድሮን ከፈለጋችሁም ፈቃድ ስለሚያስፈልገው ቀደም ብላችሁ አሳውቁን። ክፍያው ሲጠናቀቅ ጥሬ ምስሉን ጭምር እናስረክባችኋለን፤ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀረጽ የአንድ ሰዓት ምስል 45 ጊጋባይት ያህል ስለሚሆን ሰፊ ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ኑ። ያ ምስል ለሚቀጥለው ዓመት ማስታወቂያም ያገለግላችኋል።

ክረምት እየመጣ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የምትሠሩ ሁሉ የንግግር ቀረጻችሁን ከሰኔ አጋማሽ በፊት እንድትይዙ እናሳስባለን፤ ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ከጀመረ የትኛውም ማይክ አያድነንም። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ደንበኛ የጠዋቱን ሰዓት እንሰጠዋለን፤ በክረምት ዝናቡ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ነውና። ቀጠሮ ስትይዙ የደንበኞቻችሁን ጥያቄዎች የጻፋችሁበትን ወረቀት በቴሌግራም ላኩልን። የቀረጻውን ቀን፣ የቪዲዮዎቹን ብዛትና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ለይተን የጻፍንበትን ዋጋ እንልክላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀረጻና የቅንብር ባልደረቦች
ቱሉ ዲምቱ