ጭፈራን መድረክ ብቻውን አያተርፈውም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሰሞን ስለ ባህላዊ ጭፈራችን መዳከም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ደስ ብሎኛል። ግን መፍትሔው ብዙ ፌስቲቫልና ብዙ የመድረክ ትርኢት ነው የሚለው ሐሳብ አልተዋጠልኝም። ሀንጋሪዎች በዚያ መንገድ ሄደው አይተውታል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እዚያ የገጠሩ ጭፈራ የሶቪየትን አርአያ የተከተሉ ትልልቅ የመድረክ ቡድኖች ሥራ ሆነ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ልብሱ ያማረ፣ እርምጃው እኩል፣ ሕዝቡ ግን ቁጭ ብሎ አጨብጫቢ ሆነ።

ከዚያ በ1972 ፌሬንትስ ሼቦና ቤላ ሃልሞሽ የሚባሉ አርክቴክቸር የተማሩ ሁለት ወጣት ሙዚቀኞች ከጭፈራ ቡድን ልጆች ጋር ቡዳፔስት ውስጥ አንድ ምሽት አዘጋጁ። አርአያቸው ሴክ ነበረች፣ ሮማኒያ ውስጥ በትራንሲልቫኒያ የምትገኝ የሀንጋሪዎች መንደር። እዚያ ወጣቱ ቤት ተከራይቶ፣ ሙዚቀኛ ቀጥሮ፣ ራሱ ይጨፍር ነበር እንጂ ቁጭ ብሎ ሌላውን አያይም ነበር። የመጀመሪያው ምሽት ለጭፈራ ቡድኖች ብቻ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ከቡድኖቹ የአንዱ አሰልጣኝ ሻንዶር ቲማር በሩን ለማንም ከፈተው፣ ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባንዱ እዚያው ፊትህ ይጫወታል፦ ዜማውን የሚመራ ቫዮሊን፣ ሦስት ክር ብቻ ያለው ቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ የሚተልቅ መሣሪያ ነው፤ ክሮቹ በአንድ መስመር ስለሚቀመጡ ደጋኑ ሦስቱንም አንድ ላይ ይመታቸዋል)፣ ከሥር ደግሞ ባስ። አንድ የሚያውቅ ሰው እርምጃውን ያሳያል፣ ከዚያ ትገባለህ። ብትሳሳት ማንም ዞር ብሎ አያይህም። በቃል የተጠና ቅንብር የለም፤ እርምጃዎቹን እንደ ቋንቋ ከለመድክ በኋላ ሙዚቃውን እየሰማህ የራስህን ትፈጥራለህ። ለልጆችም የራሳቸው ጊዜ አላቸው። ትምህርቱን ደግሞ ከምንጩ ነው የሚያመጡት። ሮማኒያን ይገዛ በነበረው በቻውሼስኩ ዘመን የውጭ ሰው በግለሰብ ቤት እንዳያድር ተከልክሎ እንኳ ወጣቶቹ ቴፕ ተሸክመው ትራንሲልቫኒያ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ይሄዱ ነበር፣ ከእነዚያ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ሮማ ከሚባለው ሕዝብ (በተለምዶ ጂፕሲ ከሚባሉት) የወጡ ሙዚቀኞች ናቸው። ዩኔስኮ በ2011 ይሄንኑ አሠራር በመልካም የጥበቃ ተሞክሮነት መዘገበው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ከዚህ ሁሉ ጀርባ የነበረው የጭፈራ ተመራማሪ ጆርጅ ማርቲን ነው። ይሄ ሰው በ1965 ባሊንት ሻሮሺ ከሚባል የሙዚቃ ተመራማሪ ጋር ኢትዮጵያ መጥቶ ጭፈራችንንና ዘፈናችንን አጥንቷል፣ ስለ ጭፈራዎቻችን ዓይነት የጻፈውም በ1967 ታትሟል። እዚህ የመጣው እንግዲህ ቡዳፔስት ውስጥ ያ ምሽት ከመደረጉ ሰባት ዓመት በፊት ነው!

ስለዚህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። ያኔ ከተሰበሰበው ውስጥ ቅጂ እዚህ ካለ ለወጣቱ ይከፈት፣ ከሌለ ደግሞ ሀንጋሪዎቹን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ የወጣት ማዕከሎቻችን በሳምንት አንድ ምሽት አዳራሻቸውን ይስጡን። አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ከበሮ፣ እስክስታውን ከአገሩ ይዞት የመጣ አንድ አስተማሪ ይበቃል። ወንበሩ ግን ይነሳ። እናንተም የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ጠይቃችሁ መልሳቸውን ብታወጡልን ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ