ዋሪያ፣ ብሩሹን አውጣው

ሰላም ነው ዋሪያ? እንዴት ነህልኝ አቦ፣ ልጆቹ፣ እማማ፣ ሁሉ ሰላም? በጣም ተጠፋፋን አይደል፣ ግን ከልቤ ወጥተህ አታውቅም። ሰሞኑን ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ስላንተ ሲያወራ ስዕል ትቷል፣ ሸራዎቹን ጠቅልሎ ቁምሳጥን ላይ ሰቅሏቸዋል፣ "አለቀብኝ" ይላል አለኝ። ይሄን ከሰማሁ ጀምሮ ውስጤ አላረፈም፣ ለዛ ነው የምጽፍልህ።

አላለቀብህም። እኔም እዛው ነበርኩ፣ ስለዚህ አውቃለሁ። ማተሚያ ቤት ባነርና የሰርግ ካርድ ዲዛይን ሳደርግ ውዬ ማታ ሸራ ፊት ስቀመጥ ምንም የለም። ሀሳብ ግን ጠፍቶ አያውቅም እኮ፣ ከሰዓት በርጫ ላይ ምርቃናው ሲመጣ ይጎርፋል፣ ግድግዳ የሚያክል ስዕል፣ ኤግዚቢሽን፣ ሁሉም አልቆ ተሰቅሎ ይታየኛል፣ ሲመሽ አንዲት መስመር የለችም። የጠፋብን እጃችን ነው ወንድሜ። እጅ ስራ ሲፈታ ጭንቅላት ብቻውን ትልቅ ትልቁን እያሳየ ያስፈራራሃል፣ ከዛ መጀመሩ ራሱ ተራራ ይሆንብሃል።

እኔን ምን እንዳነቃኝ ልንገርህ፣ ስለ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ያነበብኩት ነገር ነው። ያ ከድሬዳዋ ከተማ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከደቻቱ ወንዝ በላይ ገደሉ ላይ ያለው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1929 የታወቀው። ተመራማሪዎች ከዛ የሰበሰቡት የቀለም ድንጋይ 4,213 ቁራጭ ነው፣ 40 ኪሎ ይመዝናል፣ ዕድሜው ወደ 40,000 ዓመት! መፍጫ ድንጋዮቹም አብረው ተገኝተዋል፣ ግማሹ ቀለም የነካው አንድ ክብ ጠጠርም አለ፣ እንደ ማህተም ቀለም ያሳርፉበት ነበር ብለው ይገምታሉ። አንዱን ዱቄት ደቃቅ አንዱን ሻካራ እያደረጉ፣ ቢያንስ ለ4,500 ዓመት እዛው ቦታ ሲፈጩ ኖረዋል። አስበው እስኪ፣ ስንት ትውልድ ነው ይሄ፣ የአንዳቸውንም ስም የሚያውቅ የለም፣ እጃቸው ግን አላቆመም፣ ያውም እኛ ባደግንበት ከተማ ጀርባ።

ከዛ በኋላ ወደ ደንገጎ ከሚወጣው መንገድ ዳር ቀይ አፈር አመጣሁ፣ በሻሽ ነፍቼ፣ ድንጋይ ላይ ፈጭቼ፣ በሙጫ ለወስኩት። ወረቀቱን መዳፍ መዳፍ እያከለ ቆረጥኩት። ሌላ ቀለም የለም፣ ሌላ መጠን የለም፣ ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ስልክ ሳይከፈት። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፍ ነገርም የለም፣ ይሄኛው በጣም ወሳኝ ነው፣ ምክንያቱም ገና ስትጀምር ሰው ምን ይላል የሚለው ከገባ እጅህ ይታሰራል።

አንድ ቀለም ብቻ ሲሆን ዋሪያ የሚገርም ነገር ይመጣል። በቀለም ማሳመር አትችልም፣ ስለዚህ ብርሃኑን ለማየት ትገደዳለህ፣ ውሃ ስትጨምርበት ይሳሳል፣ ስትደርበው ይጠቁራል፣ እዛ መሀል ያለውን ሁሉ መፈለግ ትጀምራለህ። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ባጃጁ ውስጥ የተኛውን ሹፌር፣ የቀፊራ ገበያ ሴቶችን ጥላ፣ ሁሌ የማልፋቸውን ነገሮች አሁን ነው ያየኋቸው። ብዙው አያምርም፣ ምንም አይደለም፣ ወረቀቱ ትንሽ ስለሆነ ቀጣዩን ትቆርጣለህ። ትልቁ ሸራ ላይ እንደዛ ማድረግ አይቻልም፣ ሸራው ውድ ነው፣ ፍርሃቱም አብሮት ይመጣል።

ደግሞ አንተ ግጥምም ነበረህ። የሐረሩ ልጅ ገብረክርስቶስ ደስታ እኮ ሰዓሊም ገጣሚም ነበር፣ ማነው አንዱን ብቻ ምረጥ ያለህ? ቀለሙ እምቢ ያለህ ቀን ጻፍ፣ አራት መስመር ትሁን።

አሁን የምለምንህ ይሄን ነው፣ ሸራዎቹን እዛው ተዋቸው፣ አታውርዳቸው፣ ብሩሽ ብቻ አውጣ። መዳፍ የምታክል ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ሳልና በሚመጣ ሰው ላክልኝ፣ ፎቶ አንስተህ ሳይሆን ወረቀቷን ራሷን። እኔም የኔን እልክልሃለሁ፣ ማናችንም ለሌላ ሰው አናሳይም። ብርዱ ወራት ላይ ድሬ ና፣ ያኔ ሙቀቱም ቀለል ይላል፣ ቤት አለ፣ አፈሩም ተነፍቶ ተቀምጧል፣ ቀለም እንዳትገዛ። ስልኬ ያው የድሮው ነው፣ ደውል።