ለትምህርት ሚኒስቴር፦ የወለደች ተማሪ የወሊድ ፈቃድ ይኑራት

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ትዳር ይዘን፣ ልጅ እያሳደግን ማስተርስና ፒኤችዲ ስለምንማር ሰዎች ነው። እኔ የክልል ዩኒቨርሲቲ መምህርት ነኝ። ለማስተርስ ተልኬ አዲስ አበባ እማራለሁ። ባለቤቴና ልጄ እዚያው ክልል ቀርተዋል። ደመወዜ አልተቋረጠም፤ ግን በእሱ ሁለት ቤት ይተዳደርበታል።

ከእኔ የባሰባቸውም አሉ። ቀን ቢሮ ውለው ማታ ኤክስቴንሽን የሚገቡ፣ ሐምሌና ነሐሴን ከልጆቻቸው ተለይተው ክረምት የሚማሩ መምህራን። ላፕቶፑ የሚከፈተው ልጅ ከተኛ በኋላ ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ ሌሊቱ በከንቱ ያልፋል።

እስካሁን ያቆየን የራሳችን ዘዴ ነው። እናቶቻችን ከገጠር መጥተው ልጅ ይይዙልናል። በፈተና ሰሞን አንዳችን የሌላውን ልጅ እንጠብቃለን። ባልና ሚስት ሁለቱም መማር ሲፈልጉ ተራ ይገባሉ፤ የማውቃቸው ቤቶች ውስጥ ተራዋን የምትለቀው ብዙ ጊዜ ሚስት ናት። ይሄ ያንገበግበኛል።

በዘዴ ያልቻልነው የወሊድን ነገር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ፈቃድ ታገኛለች። ያቺው ሴት ተማሪ ስትሆን ግን «ዊዝድሮው ሙዪ»፣ ማለትም የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ ሙዪ፣ ትባላለች። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ቲሲስ (የመመረቂያ ጽሑፍ) እየጻፈች ወለደችና ቅጹን ሞልታ ወጣች። ስትመለስ አማካሪዋ ውጭ አገር ሄደዋል። አዲሱ አማካሪ ርዕሱን አልተቀበሉትም፤ እንደገና ከፕሮፖዛል ጀመረች። ጡት እያጠባች ማለት ነው።

ስለዚህ ሁሉንም ዩኒቨርሲቲ የሚያስገድድ መመሪያ አውጡልን። ተማሪ ስትወልድ የትምህርት ጊዜዋ አይቆጠርባት። ስትመለስ የማራዘሚያ ክፍያ አትጠየቅ፣ ርዕሷም ይጠበቅላት። አማካሪዋ የሚሄዱ ከሆነ ተተኪው አስቀድሞ ይታወቅ። ሚስቱ በፈተና ቀን የወለደችበት አባትም ያመለጠውን ፈተና በሌላ ቀን (ሜካፕ) ከመፈተን አይከልከል።

አማካሪዎች የተሰጣቸውን ምዕራፍ በስንት ቀን አይተው እንደሚመልሱም ይወሰን። ወራት ስንጠብቅ የቤት ኪራዩም የሞግዚቷም ደመወዝ ይቆጥራል። ጭንቀታችን ወደ ትዳራችን የሚገባው በዚህ በኩል ነው። «መቼ ነው የምትጨርሺው?» ሲለኝ ለባለቤቴ የምመልሰው የለኝም።

ግቢ ውስጥ የልጆች ማቆያ፣ ማታና ቅዳሜ የሚሠራ የምክር አገልግሎትም ያስፈልገናል። ቀን ብቻ የሚከፈት ቢሮ ሥራ ለሚውል ተማሪ አይደርስለትም።

መመሪያው ከመስከረም ምዝገባ በፊት ቢወጣ ዘንድሮ ነፍሰ ጡር ሆነው ለሚመዘገቡት ይደርስላቸዋል። ረቂቁን ስታዘጋጁ እኛንም ጥሩን፤ ልጆቻችንን ይዘንም ቢሆን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የማስተርስ ተማሪ