ደግነት ከየት መጣ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እትማችሁ «ሰው ከእንስሳ መጣ ካልን ሥነ ምግባር ዋጋ ያጣል» የሚል አስተያየት አነበብኩ። እኔ አልስማማም። ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼም በየዓመቱ ይህንኑ ይጠይቁኛል።

የእንስሳት ባህርይ ተመራማሪዎቹ ሳራ ብሮስናን እና ፍራንስ ደ ቫል በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ጥናት እነግራቸዋለሁ። ካፑቺን የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ጦጣዎች ጎን ለጎን ናቸው። የተሰጣቸውን ጠጠር ለተመራማሪዋ ሲመልሱ በምትኩ ኪያር ይሰጣቸዋል፤ ሁለቱም ይበላሉ። አንዷ የወይን ፍሬ ሲሰጣት ያየችው ሌላዋ ግን ኪያሩን እምቢ ትላለች። አንዳንዴ ወርውራ ትጥለዋለች። አድልዎን መጥላት እንግዲህ ከእኛ ጋር አልተጀመረም።

«ታዲያ እኛ በምን እንለያለን?» ይሉኛል። ጦጣዋ የተቆጣችው ለራሷ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የደሴ ትምህርት ቤቶች ከሰሜን ወሎ በተፈናቀሉ ሰዎች ሲሞሉ ያየሁት ግን ሌላ ነው። አንዲት ጎረቤቴ፣ የራሷ ጤፍ እያለቀባት፣ በየማለዳው እንጀራ ተሸክማ ትወጣ ነበር። የአንዳቸውንም ስም አታውቅም። ስጠይቃት «የሰው ልጅ ናቸዋ!» አለችኝ። ሌላ ምክንያት አልሰጠችኝም።

ዳርዊን በ1871 እ.ኤ.አ. የሞራል ስሜት አብሮ ከመኖር ደመ ነፍስ እንደሚነሳና በማሰብ ችሎታ እንደሚሰፋ ጽፏል። የጎረቤቴን እንጀራ ሳስብ ይህ ደግነትን የሚያረክስ ሐሳብ አይመስለኝም። እንዲያውም ሥር ይሰጠዋል።

የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ የተገኘችበት ሐዳርም ለእኛ ቅርብ ነው፤ ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ይወረዳል። እባካችሁ ይህን ጉዳይ ቀጥሉበት። ተማሪዎቼ ያነቡታል።

ከደሴ፣ የባዮሎጂ መምህር