ከአልጋ ተነሥቻለሁ፤ አመሰግናለሁ

ውድ ወዳጆቼ፣ ባልደረቦቼና ተማሪዎቼ፦

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤቴ ገብቻለሁ። ስለ ልብ ቀዶ ሕክምናው ብዙ አልልም፤ የሰማችሁት ይበቃል።

ከሁሉ በፊት ስለ እትዬ ልናገር። ስሜን እንዳታነሣ ብለው ስላስጠነቀቁኝ በዚሁ ይታለፍልኝ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ወጣት ሳለሁ ስለ ዓድዋ ልጽፍ ብዬ ሄድኩባቸው። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «የጦርነቱን ፋይል የማይጠይቅ የለም። የጉምሩኩን ግን አቧራ በላው» አሉኝ። በሲባጎ የታሰረ የወረቀት ክምር አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉልኝ። በቃ፣ እዚያው ቀረሁ።

ኢጣሊያ በ1889 እ.ኤ.አ. ለምኒልክ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ስታመቻች መያዣው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። የውጫሌን አንቀጽ 17 የማያውቅ የለም፤ ይህን ብድር ግን ስንቱ ያውቀዋል? አሰብም እንዲሁ ነው። የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት በ1869 ቦታውን የገዛው ሩባቲኖ የሚባል የኢጣሊያ የመርከብ ኩባንያ ነው። ከጀርባው መንግሥት ነበር፤ በይፋ የተረከበው ግን በ1882 ነው። ውል የያዘው ሰው ቀድሞ መጣ፤ ወታደሩ ኋላ ነው። ሳስተምር የኖርኩትም ይህንኑ ነው።

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ እትዬ። ሆስፒታል ተኝቼ በዚያ ዕድሜያቸው ደረጃውን እየወጡ አጥሚት በፔርሙዝ ያመጡልኝ ነበር። ጉልበታቸው እንደማይታዘዝላቸው አውቃለሁ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ይሉና «እስቲ የሩባቲኖን ነገር ንገረኝ» ይሉኛል። እያወቁት! ፍርሃቴን ላስረሳው ብለው እኮ ነው። እዚህ ላይ ስደርስ እንባዬ ይቀድመኛል፤ ልለፈው። ዕድሜ ይስጥልኝ፣ እትዬ።

ሐኪሞችና ነርሶች፣ እጃችሁ ይባረክ። ዋሽንግተንና ስቶክሆልም ሆናችሁ ገንዘብ ያዋጣችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ብድር መላሽ ያድርገኝ (ይኼኛው ጉምሩክ አያስይዝም)። ጎረቤቶቼና የዕድራችን ሰዎች፣ ባለቤቴን ብቻዋን ስላልተዋችኋት አመሰግናለሁ። እሷን ግን በአደባባይ ባመሰግናት ትቆጣለች።

ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ። ማደንዘዣው ይሁን ዕድሜው እንጃ፣ ስም ይጠፋኛል። እንዳትቀየሙኝ።

የመመረቂያ ጽሑፍ የሰጣችሁኝ ልጆች፣ ከመስቀል በኋላ ቤት ብቅ በሉ። ስለ ጅቡቲው ምድር ባቡር የጻፍሽው፣ በተለይ አንቺ፤ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በ1906 የተፈራረሙት የሦስትዮሽ ስምምነት ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የለም።