ወተት መረከቢያዎቻችን መድኃኒትንም ይመርምሩ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በጅማ ከተማ ሂርማታ አካባቢ ወተትና እርጎ በመሸጥ ልጆቼን የማሳድግ እናት ነኝ። የምጽፍላችሁ ከከተማው ዙሪያ በየማለዳው በጀሪካን ስለሚገባልን ወተት ነው።

ወተት ስንረከብ ውኃ እንዳልተጨመረበት በላክቶሜትር እናያለን፤ መኮምጠጥ እንዳልጀመረ በአልኮል እንፈትናለን። ሁለቱም መርፌ የተወጋች ላም ወተትን አይለዩም። ጡቷ ያበጠ ላም ፔኒሲሊን ያለበትን ፔንስትሬፕ ወይም ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ጀርም መድኃኒት ተወግታ፣ በማግስቱ ወተቷ ከጤነኞቹ ጋር ተቀላቅሎ ቢመጣ መልኩም ሽታውም ያው ነው። እኔ የምጠረጥረው ለእርጎ ሳስቀምጠው ነው። በወይራ በታጠነ ዕቃ አድሮም እንደ ቀጠነ ይቀራል፤ ወተቱን የሚያረጉትን ረቂቅ ተሕዋስያን መድኃኒቱ ያዳክማቸዋልና። ይሁን እንጂ ወተት በሌላም ምክንያት ሳይረጋ ሊቀር ስለሚችል፣ በጥርጣሬ ብቻ ገበሬን መወንጀል ግፍ ነው።

መመርመሪያው ደግሞ አለ። አንድ የእንስሳት ሐኪም ሱቄ ድረስ አምጥቶ አሳይቶኛል። ጥቂት ጠብታ ወተት በትንሽ ብልቃጥ ይጨመርና ቀጭን ወረቀት ይነከርበታል፤ በ10 ደቂቃ ገደማ ቀያይ መስመሮች ይወጣሉ። የመመርመሪያው መስመር ከማነጻጸሪያው ከፈዘዘ ወይም ጨርሶ ካልወጣ መድኃኒት አለ ማለት ነው። ወረቀቱ ሁሉንም የመድኃኒት ዓይነት አይለይም፤ ያገኘውንም ላቦራቶሪ ሊያረጋግጠው ይገባል። ቢሆንም ጀሪካኑ ከመገልበጡ በፊት መልስ ይሰጠናል።

ደንበኞቼ «አፍልተን ነው የምንጠጣው» ይሉኛል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ አብዛኛውን የመድኃኒት ቅሪት አያጠፋም። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ ለፔኒሲሊን የፈቀደው በ1 ኪሎ ወተት 4 ማይክሮግራም ብቻ ነው። በዚህ ልክ ሲታሰብ የአንዲት ላም ወተት የብዙ ገበሬዎችን ወተት ሊያበላሽ ይችላል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ሳያውቅ ይጠጣዋል፤ ጀርሞችም መድኃኒቱን እየተላመዱ ይሄዳሉ።

ወጪው እንደሚያሳስብ አውቃለሁ። ከየገበሬው ትንሽ ናሙና አስቀርቶ መጀመሪያ የተቀላቀለውን ብቻ መመርመር፣ ችግር ከተገኘ ወደየናሙናው መመለስ ይቻላል። ከወረቀቱ ዋጋ ይልቅ የሚከብደኝ የገበሬው ኪሳራ ነው። «ላሜ ታማ ተወግታለች» ብሎ እውነቱን የሚናገር ሰው፣ ሐኪሙ የነገረው ቀን እስኪያልፍ ወተቱን ሲደፋ ማን ይደርስለታል? የወተት ማኅበራት ከኪሳራው የተወሰነውን ይሸፍኑለት። ካልሆነ ከመረከቢያው የተመለሰው ወተት በየሰፈሩ ይሸጣል፤ የሚጠጡትም እነዚያው ሕፃናት ናቸው።

የከተማው ግብርና ጽሕፈት ቤትና እዚሁ ያለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በጋራ ይህንን እንዲጀምሩልን እጠይቃለሁ። ለሙከራው ሱቄ ክፍት ነው፤ ከወረቀቱ ዋጋም ድርሻዬን እከፍላለሁ።

አንዲት እርጎ ነጋዴ፣ ከጅማ